ሃች ዲአር 900 በአቃቂና በሞጆ ወንዝ ዳር፦ ፍሳሹን ያነባል፣ አልጌውን አያይም

የወንዝ ውሃ ጥራት ለመለካት የተነሳ ቢሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ፋብሪካ ግዥ ሲጠይቅ ከዝርዝሩ አናት ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ሃች ዲአር 900 ኮሎሪሜትር፣ ማለትም በቀለም የሚለካ መሣሪያ ነው። በአንድ እጅ ይያዛል፤ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ የምንከተው ዓይነት አራት ባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል፤ ከ90 በላይ የመለኪያ ፕሮግራም ተጭኖለታል፤ 500 ውጤት ይመዘግባል፤ ውሃና አቧራም አያስገባም። ጭቃ ላይ ቢወድቅ ታጥቦ፣ ተጠርጎ ሥራውን ይቀጥላል። በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወይም በሞጆ ወንዝ ዳር ቁልቁል ወርዶ ናሙና ለሚቀዳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ለፋብሪካ ፍሳሽ ቁጥጥር ከሆነ የወጣበት ገንዘብ አያስቆጭም። «ፍሳሹ በወንዙ ደቂቅ አልጌ ላይ ምን አደረሰ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ይህን ብቻ የገዛ ግን ግማሽ መሣሪያ ነው የገዛው። ሌላው ግማሽ ምን እንደሆነ ከታች እንደርስበታለን።

አሠራሩ ቀላል ነው። 10 ሚሊ ሊትር ናሙና በክብ የብርጭቆ ብልቃጥ ይገባል፤ የዱቄት ሪኤጀንት (ቀለም አውጪ ኬሚካል) ፓኬት ይጨመርበታል፤ የሚፈለገው ነገር ውሃው ውስጥ ካለ ቀለም ያወጣል። መሣሪያው ብርሃን ያሳልፍና ቀለሙ ምን ያህሉን እንደዋጠው አንብቦ በሚሊግራም በሊትር ያሳያል። ብርሃኑ አራት ዓይነት ብቻ ነው፤ 420፣ 520፣ 560 እና 610 ናኖሜትር። እነዚህን ቁጥሮች ያዟቸው፤ አልጌ ላይ ስንደርስ ጣጣ የሚያመጡት እነሱ ናቸው።

ፎስፌት፦ ጥሩ ጎኑ የሚታይበት

ለአልጌ ቀለብ ከሚሆኑት ዋናው ፎስፈረስ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ሁለት ብልቃጥ እስከ 10 ሚሊ ሊትር መስመር ይሞላል። አንዱ ምንም አይጨመርበትም፤ መሣሪያውን ዜሮ ማድረጊያ ነው፤ በላብራቶሪ አፍ ብላንክ። በሌላው ላይ አንድ ፎስቨር 3 ፓኬት ይደፋና ክዳኑ ተገጥሞ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይናጣል። ከዚያ 2 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ፎስፌት ካለ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል። ብላንኩን አስገብቶ ዜሮ፣ ናሙናውን አስገብቶ ንባብ፤ በቃ።

የሚያነበው ከ0.02 እስከ 2.50 ሚሊግራም በሊትር ነው። ከፋብሪካና ከከተማ በላይ ላለ ውሃ ይህ ይበቃል። ከፍሳሽ መውጫ በታች ግን ሳያቀጥኑ መለካት አይሞከርም። 10 ሚሊ ሊትር ናሙና በፒፔት ተለክቶ 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ባለ መስመር ፍላስክ በዲስትልድ ውሃ ይሞላል፤ ውጤቱ በ10 ይባዛል። በሲሊንደር ወይም በዓይን ግምት ያቀጠነ ሰው ስህተቱንም አብሮ በ10 እንደሚያባዛው አይዘንጋ።

ሪፖርት ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት የመሣሪያው ሳይሆን የአሃድ ነው። ዲአር 900 ውጤቱን እንደ ፎስፌትም እንደ ፎስፈረስም ማሳየት ይችላል። ፎስፌት ለ3.07 ሲካፈል ነው ፎስፈረስ የሚሆነው። ናይትሬትም እንዲሁ ነው፤ በናይትሮጅን የተጻፈው በ4.43 ካልተባዛ ናይትሬት አይሆንም። የአልጌ ሥራዎች በአብዛኛው በፎስፈረስና በናይትሮጅን ስለሚጻፉ፣ የአንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር ያለ ሂሳብ ያነጻጸረ ሰው ወንዙን በሦስትና በአራት እጥፍ ያበላሸዋል ወይም ያጸዳዋል።

ሌላው ብልቃጥ ማጠብ ነው። ፎስፌት ባለበት የዱቄት ሳሙና የታጠበ ብልቃጥ ከወንዙ ይልቅ ሳሙናውን ያስለካል። በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ በዲስትልድ ውሃ። የጣት አሻራ፣ ጭረትና በብልቃጡ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የአየር አረፋም ንባብ ከፍ ያደርጋሉ። ብልቃጡን ለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ፣ መስመሩን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን አዙሮ ማስገባት ልማድ መሆን አለበት።

ክሮም፦ ዜሮ ማለት ንጹሕ ማለት አይደለም

የቆዳ ፋብሪካዎች ባሉበት ሞጆ ላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቆዳ የሚለፋበት ጨው ክሮሚየም ሦስት የሚባለው የክሮም ዓይነት ነው። በመሣሪያው ዝርዝር ውስጥ «ክሮሚየም» ተብሎ ቶሎ የሚገኘው ዘዴ፣ ማለትም ክሮማቨር 3 ፓኬት፣ ቀለም የሚያወጣው ደግሞ ለሌላው ዓይነት፣ ለክሮሚየም ስድስት ብቻ ነው። ስለዚህ ከልፋት ድራም በቀጥታ የወጣ፣ ክሮም መሆኑ በዓይን የሚለይ ሰማያዊ አረንጓዴ ፍሳሽ ተለክቶ ውጤቱ ዜሮ አካባቢ ቢመጣ መሣሪያው አልተበላሸም፤ ያልተጠየቀውን አልመለሰም እንጂ። በዚያ ላይ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ሰልፋይድና ኦርጋኒክ ቆሻሻ ስለሚበዛው ክሮሚየም ስድስት ቢኖር እንኳ ወደ ሦስት ይመለሳል። በዚህ ዘዴ ብቻ የተጻፈ «ክሮሚየም አልተገኘም» የሚል ሪፖርት ውሃ አያነሳም።

መለካት ያለበት ጠቅላላ ክሮሚየም ነው፤ ዲአር 900 ይህንንም ይሠራል፣ ሥራው ግን ይረዝማል። 25 ሚሊ ሊትር ናሙና፣ ክሮሚየም 1 ፓኬት፣ የፈላ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ እስከ 25 ዲግሪ ማቀዝቀዝ። ቀጥሎ ክሮሚየም 2 ፓኬት፣ አሲድ ፓኬት፣ በመጨረሻ ክሮማቨር 3፤ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ማንበብ። የመጀመሪያው እርምጃ ክሮሚየም ሦስትን ወደ ስድስት የሚቀይረው ነው፤ እሱ ካልተሟላ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

እዚህ ላይ ከፍታችን ይገባል። መመሪያው «የፈላ ውሃ» ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ልዩነቱ ውጤቱን ነክቶት እንደሆነ በግምት አይታወቅም፤ ማወቂያው ርካሽ ነው። መጠኑ የታወቀ የክሮሚየም ሦስት ስታንዳርድ በናሙናው ላይ ጨምሮ ስንት በመቶው ተመልሶ እንደተነበበ ማየት ነው። ከ90 እስከ 110 በመቶ ከተመለሰ ይቀጥላል። ከዚያ ካነሰ በፈላው ውሃ ውስጥ የሚቆይበት ደቂቃ ይራዘምና እንደገና ይሞከራል።

የንባብ ጣሪያው 0.70 ሚሊግራም በሊትር ነው። በሀገራችን ለቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የተቀመጠው ወሰን ለጠቅላላ ክሮሚየም 2፣ ለክሮሚየም ስድስት 0.1 ሚሊግራም በሊትር ነው። እንግዲህ ሕጉን አክብሮ የተለቀቀ ፍሳሽ እንኳ ሳይቀጥን ከጣሪያው በላይ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ አንድ ለአምስት ይቅጠን። መሣሪያው ከጣሪያ በላይ መሆኑን ሲያስጠነቅቅ የሚታየውን ቁጥር «ለማንኛውም» ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር፣ ካለመለካት የባሰ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ክሮሚየም ሦስት አሲድነት በሌለው ውሃ ውስጥ ይረጋና ከታች ይዘቅጣል። ስለዚህ ከመውጫው ትንሽ ራቅ ብሎ የተቀዳ ጥርት ያለ ውሃ ጥሩ ንባብ ይሰጣል፤ ክሮሙ ግን ጭቃው ውስጥ ተኝቷል። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ቆስቁሶ ያነሳዋል። ናሙናው ሳይጣራ፣ በናይትሪክ አሲድ ፒኤች ከ2 በታች ተደርጎ መያዝ አለበት፤ ከውሃው ጋር ጭቃውም ተወስዶ ብረት ወደሚለካ ላብራቶሪ መላክ አለበት። ጭቃን በዚህ መሣሪያ አይሞክሩት።

ሲኦዲ፦ ከመሣሪያው ይልቅ ምድጃው

የኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት፣ ሁላችንም ሲኦዲ የምንለው፣ በፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ያለው ኦርጋኒክ ቆሻሻ ዋና ሚዛን ነው። ዲአር 900 ይህን የሚሠራው በተዘጋጁ የሙከራ ቱቦዎች ነው። 2 ሚሊ ሊትር ናሙና ወደ ቱቦው፣ ቱቦው ወደ ማሞቂያው፣ 150 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት። ማሞቂያው ለብቻ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ግዥ ሲጠየቅ የሚረሳውም እሱ ነው። የሚሠራው በመብራት ስለሆነ ሁለቱ ሰዓት መሃል ላይ መብራት ከሄደ ያ ዙር ተበላሸ ማለት ነው፤ ቱቦዎቹም የአንድ ጊዜ ናቸው።

ናሙናው ከመወሰዱ በፊት በብሌንደር 30 ሰከንድ ይመታ። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ፀጉርና ስብ አለበት፤ ፒፔቱ አንዴ ስብ ይዞ፣ አንዴ ሳይዝ ከወጣ ሦስት ድግግሞሽ ሦስት የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። ናሙናው ሲጨመር ቱቦው በ45 ዲግሪ ያዘንብል። ተዘግቶ ሲገለበጥ እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ያወጣል፤ ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ የሚነካ አይደለም። ከ2 ሰዓት በኋላ ማሞቂያው ጠፍቶ 20 ደቂቃ ይቀዘቅዛል፤ ቱቦዎቹ ለብ እንዳሉ ተገልብጠው እንደገና ይቀመጣሉ። የክፍል ሙቀት ሳይደርሱ የተነበቡ እንደሆነ ውጤቱ ይዋዥቃል።

የቱቦው ዓይነት ምርጫ ላይ ነው ልምድ የሚለየው። ዝቅተኛው ከ3 እስከ 150፣ ከፍተኛው ከ20 እስከ 1500 ሚሊግራም በሊትር ያነባል። እንዲሁም ናሙና 0.2 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚወስድ፣ እስከ 15,000 የሚያነብ አለ። ለቆዳ ፋብሪካ ጥሬ ፍሳሽ ይኸኛው ይመረጣል፤ ምክንያቱም ክልሉ ሰፊ መሆኑ ብቻ አይደለም። ጥሬ ቆዳ የሚመጣው በጨው ተነክሮ ነው፤ መጀመሪያ ሲዘፈዘፍ ጨው በገፍ ይወጣል። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ደግሞ እንደ ኦርጋኒክ ቆሻሻ ሆኖ ይቆጠራል። በ2 ሚሊ ሊትር ቱቦ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ክሎራይድን የሚይዘው እስከ 2,000 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ በ0.2 ሚሊ ሊትሩ እስከ 20,000 ይዘልቃል። ይህን ያልተመለከተ ሰው ጨው ለክቶ «ሲኦዲ ከፍተኛ» ብሎ ይጽፋል፤ ፋብሪካው ጠበቃ ይዞ ከመጣ ደግሞ አፉን ይይዛል።

ናሙናው በዕለቱ የማይሠራ ከሆነ በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤች ከ2 በታች አድርጎ በ4 ዲግሪ እስከ 28 ቀን ማቆየት ይቻላል። ሰልፋይድ ያለበት ፍሳሽ ላይ ግን አሲድ ከመጨመራችሁ በፊት የሚቀጥለውን አንብቡ።

ሰልፋይድ፣ ናይትሮጅን፣ ሌላም

የሰልፋይድ ዘዴው ጥሩ ነው፤ ከ0.01 እስከ 0.70 ሚሊግራም በሊትር ያነባል፣ ሁለት ፈሳሽ ሪኤጀንት፣ 5 ደቂቃ። ፀጉር ለማርገፍ ሶዲየም ሰልፋይድና ኖራ የገባበት ፍሳሽ ውስጥ ያለው መጠን ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ብዙ ማቅጠን ይጠይቃል፤ ናሙናውም ቶሎ ስለሚያመልጥ እዚያው ወንዝ ዳር መለካት ነው ያለበት። ቁጥሩን ከማወቅ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ግን ይህ ነው፦ ይህ የኖራ ፍሳሽ ከአሲዳማው የልፋት ፍሳሽ ጋር ሲቀላቀል፣ ወይም ናሙና ያዥ አሲድ ሲጨምርበት፣ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። የተበላሸ እንቁላል ሽታው ሲጀምር ይታወቃል፤ ሲበዛ አፍንጫ ራሱ ይደነዝዛል፤ ከዚያ በኋላ ሽታ የለም ማለት ጋዝ የለም ማለት አይደለም። በተዘጋ ማንሆል ላይ ጎንበስ ብሎ መቅዳት ነፍስ ያስከፍላል።

አሞኒያ ቆዳ ፋብሪካ ላይ ብዙ ነው፤ ኖራ ማስወገጃው የአሞኒየም ጨው ስለሆነ። በዱቄት ፓኬት የሚሠራው ዘዴ 0.50 ሚሊግራም በሊትር ላይ ያበቃል፤ እስከ 50 የሚያነበውን የቱቦ ዘዴ ይግዙ። ናይትሬት በናይትራቨር 5 አንድ ደቂቃ አጥብቆ መናጥ፣ 5 ደቂቃ መጠበቅ። ከታች የሚቀር ጥቁር ዝቃጭ አያስደንግጥ፤ ሁሌም አለ። የናጠው ሰው ሲቀየር ግን ውጤቱ ይቀየራል፤ አንድ ሰው ይናጥ። ክሎራይድ ከ100 ሚሊግራም በሊትር ሲያልፍ ንባቡ ዝቅ ይላል፤ ከቆዳ ፋብሪካ በታች ሁልጊዜ ያልፋል።

የጨርቃጨርቅ ፍሳሽ የራሱ ጣጣ አለው። ውሃው ራሱ ቀይ ወይም ሰማያዊ ነው። ብላንኩ ይህን ይቀንሳል ይባላል፤ የሚቀንሰው ግን ቀለሙ ሪኤጀንቱ ሲገባ ካልተለወጠ ብቻ ነው። ብዙ የጨርቅ ቀለሞች ከፒኤች ጋር ይለወጣሉ። ናሙናውን አቅጥኖ ሁለት የተለያየ ቅጥነት ላይ መለካት ይረዳል፤ ሁለቱ ተባዝተው ካልተስማሙ ቀለሙ ጣልቃ ገብቷል።

የሟሟ ኦክስጅንና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ለዚህ መሣሪያ የሚተዉ አይደሉም፤ በኤሌክትሮድ የሚለካ መሣሪያ ለብቻ ይያዝ። አስተላላፊነት በርካሽ የኪስ መለኪያ ይሠራል፤ ጥቅሙም ቀላል አይደለም። ከፍሳሽ መውጫ በታች ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በአምስት ነጥብ መለካት ነው። ቁጥሩ እኩል እስኪሆን ድረስ ፍሳሹ ገና አንድ ዳር ይዞ እየሄደ ነው፤ እዚያ የተቀዳ ናሙና ወንዙን አይወክልም። ኦክስጅን ላይ ደግሞ ከፍታችንን ያስታውሱ። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ውሃ 9.1 ሚሊግራም በሊትር ገደማ ይይዛል፤ በ2,300 ሜትር ላይ የሚይዘው ወደ 6.8 ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ወንዝ ላይ 6.5 አይቶ «ኦክስጅን ጎድሏል» የሚል ሰው ጥሩውን ውሃ ነው የከሰሰው።

አልጌው

አሁን ያዟቸው ወዳልናቸው አራት ቁጥሮች። አልጌን በብርሃን የምንለካው አረንጓዴ ቀለሙ በሆነው በክሎሮፊል ኤ ነው፤ ክሎሮፊል ኤ ደግሞ በአሴቶን ሲወጣ የሚነበበው 664 ናኖሜትር ላይ ነው። ድፍርስነቱን ለመቀነስ 750 ላይም ይነበባል። ዲአር 900 ከ610 አያልፍም። ምንም ዓይነት ፕሮግራም ቢጫንበት ይህን አይለውጠውም፤ መብራቱ የለውም። ከዚሁ ኩባንያ ዲአር 1900 እስከ 800 ናኖሜትር ስለሚያነብ ይቀርባል፤ በአንዴ የሚያሳልፈው የብርሃን ስፋት 5 ናኖሜትር ስለሆነ ግን ክሎሮፊሉን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ስፋቱ 2 ናኖሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ የላብራቶሪ ስፔክትሮፎቶሜትር ያለበት ዩኒቨርሲቲ ጋር መሥራት ይሻላል።

ሥራው እንዲህ ነው። የተለካ ውሃ፣ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 500 ሚሊ ሊትር፣ በ0.7 ማይክሮሜትር የመስታወት ቃጫ ማጣሪያ ይጣራል፤ ማጣሪያው ታጥፎ በፎይል ተጠቅልሎ በረዶ ቤት ይገባል። ብርሃን ካየ ክሎሮፊሉ ይፈርሳል። ከዚያ ተፈጭቶ በ90 በመቶ አሴቶን ጨለማ ቦታ ያድራል፤ በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ ዝቃጩ ከተለየ በኋላ በ664 እና በ750 ይነበባል። ጥቂት ጠብታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተጨምሮ ከ90 ሰከንድ በኋላ በ665 እና 750 እንደገና ይነበባል።

ይህቺ ሁለተኛ ንባብ ለፋብሪካ ፍሳሽ ወርቅ ናት። የመጀመሪያው ንባብ ለሁለተኛው ሲካፈል 1.7 አካባቢ ከሆነ አልጌው ሕያው ነው፤ ወደ 1.0 ከወረደ ውሃው ውስጥ ያለው አረንጓዴ ሬሳ ነው። ከመውጫው በላይና በታች ይህ ሬሾ ሲወርድ፣ ጠቅላላ ክሎሮፊሉ ባይቀንስም እንኳ፣ ፍሳሹ የሚገድል ነገር እንዳለው ይጠቁማል።

ፍሳሽ በአልጌ ላይ የሚያደርሰው አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሪፖርት እዚህ ላይ ይጋጫል። ከመውጫው ሥር፣ ድፍርሱና ቀለሙ ብርሃን በከለከሉበት፣ ሰልፋይድና ክሮም በበዛበት፣ አልጌ ይጠፋል። ዝቅ ሲል መርዙ ይቀጥናል፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱ ግን አለ፤ አልጌው ከልክ በላይ ይፈላል። በዚያ ቦታ ከቀኑ 8 ሰዓት የተለካ ኦክስጅን ከሙሌት፣ ማለትም ውሃው ሊይዝ ከሚችለው፣ በላይ ሆኖ ያምራል፤ ማታ አልጌው ራሱ ሲተነፍስ ይጨርሰውና ንጋት 12 ሰዓት ላይ ዓሣ የሚገድል መጠን ይደርሳል። የቀን ሥራ ሰዓት ብቻ የሚለካ ቡድን ይህን መቼም አያየውም። ወንዙ የቆመ ውሃ ላይ ሲደርስ ደግሞ መልኩ ይለወጣል። የአቃቂ ወንዞች የሚገቡበት አባ ሳሙኤል በእምቦጭ የተሸፈነው፣ ሞጆ የሚገባበት ቆቃ ማይክሮሲስቲስ የሚባለውን መርዛማ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚያበቅለው በዚህ ቀለብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ለማይክሮሲስቲን ኤልአር ያስቀመጠው ወሰን 1 ማይክሮግራም በሊትር ነው፤ ያ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ምርመራ ይፈልጋል።

ለዚህ ሁሉ የሚበልጠው ዕቃ ማይክሮስኮፕ ነው። 1 ሊትር ውሃ ይቀዳል፤ ማቆያ የሆነው ሉጎል አዮዲን ቀጭን ሻይ እስኪመስል ይጨመራል፣ በ100 ሚሊ ሊትር ከ0.3 እስከ 1 ሚሊ ሊትር። ጨለማ ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይረጋል፤ ከላይ ያለው በቀጭን ቱቦ ቀስ ብሎ ተስቦ 50 ሚሊ ሊትር ይቀራል። መረብ ዝርያ ለመለየት ይጠቅማል፤ ለቆጠራ ግን አይሆንም። 20 ማይክሮሜትር መረብ ክሎሬላንና ትንንሽ ዲያቶሞችን (ቅርፊት ያላቸውን አልጌዎች) ያሳልፋል፤ የተበከለ ውሃ ውስጥ ብዙዎቹ እነዚያ ናቸው።

ለመቁጠሪያ ሰዎች ሴጅዊክ ራፍተር የሚባለውን 1 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሳጥን ይገዙና በ40 እጥፍ ሌንስ ሊያዩ ሲሉ ሌንሱ መስታወቱን ይመታል። ጥልቀቱ 1 ሚሊሜትር ስለሆነ በ10 ወይም በ20 እጥፍ ሌንስ ብቻ ነው የሚሠራ። ለትንንሾቹ 0.1 ሚሊ ሊትር የሚይዘው፣ 0.4 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ፓልመር ማሎኒ የሚባል ሳጥን ይገዛ።

ንባቡን ወደ ቁጥር ለመለወጥ በ1969 የወጣው፣ ብክለት ለሚችሉ የአልጌ ዘሮች ነጥብ የሚሰጠው የፓልመር መዘርዝር እስከ ዛሬ ይሠራል። ኢውግሌና 5፣ ኦሲላቶሪያ 5፣ ክላሚዶሞናስና ሴኔዴስመስ 4፣ ክሎሬላ፣ ናቪኩላና ኒቺያ 3 ያገኛሉ፤ ሌሎቹ ከዚያ ያንሳሉ። ድምሩ 20 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኦርጋኒክ ብክለቱ ከፍተኛ ነው፤ ከ15 እስከ 19 ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ልብ በሉ፣ ይህ የሚለካው ኦርጋኒክ ቆሻሻን ነው። ክሮም ሁሉንም ገድሎ ድምሩ 3 ቢመጣ ወንዙ ንጹሕ ይመስላል። ስለዚህ የፓልመር ነጥብ ያለ ሕዋስ ብዛትና ያለ ክሎሮፊል ሬሾ ለብቻው አይጻፍ።

የሚፈስ ወንዝ ላይ ከውሃው ይልቅ ድንጋዩ እውነቱን ይናገራል። የተንሳፈፈው አልጌ ትናንት ከላይ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ድንጋይ ላይ የተጣበቀው ዲያቶም ግን ሳምንታት እዚያው ኖሯል፣ ሌሊት የተለቀቀውንም ቀምሷል። ፈጠን ብሎ ከሚፈስበት ቦታ ቢያንስ አምስት ድንጋይ አንስቶ የላይኛውን ፊት በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጎ ማጠብ ነው። ለየጣቢያው አዲስ ብሩሽ፤ የላይኛው ጣቢያ ብሩሽ ታችኛው ላይ ከዋለ ንጽጽሩ ቀረ። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተፈልቶ ከጸዳ በኋላ ከ300 እስከ 400 ቅርፊት ይቆጠራል። ኒቺያ ፓሊያና ጎምፎኔማ ፓርቩለም ከበዙ ብክለቱን የለመዱ ናቸው፤ አክናንቲዲየም ሚኑቲሲመም ከላይ በዝቶ ከመውጫው በታች ከጠፋ ነገሩ ግልጽ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

ሪኤጀንት ነው ዋጋው። መሣሪያው አንዴ ይገዛል፤ ፓኬትና ቱቦ ግን በየጊዜው በውጭ ምንዛሬ ይመጣል፣ የአገልግሎት ጊዜውም ያልፋል። ስለዚህ ለሁለት ዓመት የሚበቃ በአንዴ ማዘዝ ብልህነት አይደለም። በየዙሩ አንድ ስታንዳርድ ካልተለካ ጊዜው ያለፈበት ፓኬት ራሱን አይገልጽም።

ቆሻሻውም የባለቤቱ ነው። የሲኦዲ ቱቦ ሜርኩሪ፣ ብርና ክሮሚየም ስድስት ይዟል፤ የናይትራቨር ዝቃጭ ካድሚየም ነው። ወንዝ ዳር ለክቶ ወንዙ ላይ መድፋት የሚያሳፍር ነገር ነው፤ አይታይም ግን አይባልም። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ቆሻሻ ለለቀቀ ሁሉ ነው፤ ለካሁ ያለውን አይለይም። ሁለት ባለ ክዳን የፕላስቲክ ጀሪካን፣ አንዱ ለሜርኩሪ፣ አንዱ ለካድሚየም፣ መኪናው ላይ ይጫን።

ለፋብሪካ ማጣሪያ ጣቢያና ለተቆጣጣሪ ቢሮ ዲአር 900ን ከማሞቂያውና ከኤሌክትሮድ መለኪያው ጋር ያለ ማመንታት እንላለን። ለአልጌ ጥናት ግን ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ማይክሮስኮፑ ይቅደም፤ ክሎሮፊሉና ፎስፌቱ በዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ይሠራሉ። ትእዛዝ ሲጽፉ «ክሮሚየም ሪኤጀንት» ብቻ ብለው እንዳይተዉት፤ «ለጠቅላላ ክሮሚየም፣ ክሮሚየም 1፣ ክሮሚየም 2፣ አሲድ እና ክሮማቨር 3» ብለው ይዘርዝሩ፤ አለዚያ የሚመጣልዎ ዜሮ የሚያነበው ብቻ ነው።